የሚጠፋው ቀለም የቱ ነው? በሌየርና በብሌንድ ሞድ ጌጠኛ አይከን አሠራር

100 በ100 ፒክስል የሆነ አይከን በጠቅላላው 10,000 ነጥብ ብቻ ነው ያለው። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ፊት፣ የብርሃን ጨረር፣ የወረቀት ሸካራነት፣ ክፈፍና አንድ ሁለት ቃል ማስገባት የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚነባበረው የምስል ንጣፍ) ከሥሩ ያለውን ምን እንደሚያደርገው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ብዙ ጀማሪዎች ግን የብሌንድ ሞዱን፣ ማለትም ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን ስልት፣ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እየነካኩ ዓይናቸውን የሳበውን ይወስዳሉ። አንዳንዴ ይሳካል። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ያው ሞድ ሁሉን ነገር ያጠፋዋል፤ ለምን እንዳጠፋው ስለማይታወቅም መላ አይገኝለትም።

እዚህ የቀረበው አሠራር በአንድ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፦ በዚህ ሞድ ውስጥ የሚጠፋው ቀለም የቱ ነው? መልሱን የያዘ ሰው የትኛው ቴክስቸር (እንደ ወረቀት፣ ጭረት ወይም ብርሃን ያለ የጌጥ ምስል) ለየትኛው ሞድ እንደሚሆን ገና ሳይሞክረው ያውቃል። ከምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች ፎቶሾፕም ሆነ ጊምፕ ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው። የሚለያዩበት ቦታ ሲደርስ ልዩነቱ ይነገራል።

ስሌቱ

ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይይዛል። 0 ጨለማ ነው፣ 255 ሙሉ ብርሃን። ብሌንድ ሞድ የላይኛውን ሌየር ቁጥርና የታችኛውን ቁጥር ወስዶ ሦስተኛ ቁጥር የሚያወጣ ስሌት ነው፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

መልቲፕላይ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ ለ255 ያካፍላል። 128 በ128 ላይ ሲያርፍ 64 ይወጣል፤ ጨለመ ማለት ነው። የላይኛው ነጭ ከሆነ ግን በ255 ተባዝቶ ለ255 ስለሚካፈል የታችኛው እንዳለ ይቀራል። በመልቲፕላይ የሚጠፋው ቀለም ስለዚህ ነጭ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በቀለም የተሣለ አበባ ስካን ካደረጋችሁ ወረቀቱን ቆርጦ ማውጣት አያስፈልግም፤ ሌየሩን መልቲፕላይ ስታደርጉት ወረቀቱ በራሱ ይሄዳል።

ስክሪን የዚህ ግልባጭ ነው። 128 በ128 ላይ 192 ገደማ ይሰጣል፤ የሚጠፋውም ጥቁር ነው። በጨለማ የተነሡ መብራቶች፣ ብልጭታዎች፣ ጭስ፣ ርችት ሁሉ የስክሪን ዕቃዎች ናቸው።

ኦቨርሌይና ሶፍት ላይት የሚያጠፉት መሃለኛውን ግራጫ ነው፣ ማለትም 128ን። ከዚያ የሚበራው የላይኛው ክፍል ሥሩን ያበራል፣ የሚጨልመው ያጨልማል። ኦቨርሌይ ጠንካራ ነው፣ ሶፍት ላይት ለዘብ ያለ። ኦቨርሌይ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ሥሩ ፍጹም ነጭ ወይም ፍጹም ጥቁር ከሆነ ከላይ ምንም ብታደርጉበት አይለወጥም። «ቴክስቸሩ ፊቱ ላይ ይታያል፣ ነጩ ጀርባ ላይ ግን የለም» የሚለው የተለመደ ቅሬታ ምክንያቱ ይህ ነው። ቴክስቸሩን አትውቀሱት፤ ሌቭልስ (የጥቁሩንና የነጩን ደረጃ ማስተካከያ) ከፍታችሁ የፎቶውን የውጤት ነጭ ከ255 ወደ 235 አውርዱት፣ ወይም ያንን ቴክስቸር በመልቲፕላይ አኑሩት።

ላይተን በየቀለሙ ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠውን፣ ዳርከን የሚያንሰውን ይመርጣሉ። ኤክስክሉዥን ጥቁርን ያጠፋል፤ ነጭ ሲገጥመው ግን የታችኛውን ምስል እንደ ፊልም ኔጋቲቭ ይገለብጠዋል። ከለር ዶጅ ጥቁርን፣ ከለር በርን ነጭን ያጠፋሉ፤ ሁለቱም ኃይለኛ ስለሆኑ በትንሽ አይከን ላይ በጥንቃቄ ካልሆነ ቀለሙን ያቃጥሉታል። ፎቶሾፕ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን በኦፓሲቲ (የሌየሩ ድፍንነት በመቶኛ) ከመቀነስ ይልቅ ከሥሩ ባለው ፊል በሚባለው ቁጥር ቀንሱ። በአብዛኞቹ ሞዶች ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ውጤት ቢሰጡም በዶጅና በበርን ላይ ይለያያሉ፤ ፊል የተሻለ ልስላሴ ይሰጣል። ከለርና ሉሚኖሲቲ ደግሞ የሚጠፋ ቀለም የላቸውም፤ አንደኛው የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ብቻ፣ ሌላኛው ብርሃኑንና ጥላውን ብቻ ከላይኛው ሌየር ይወስዳል።

ጊምፕ ለምትጠቀሙ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ2018 በፊት የተጻፉ መመሪያዎች «ኦቨርሌይ አድርጉ» ሲሉ የሚያሳዩት ውጤት በእርግጥ የሶፍት ላይት ነው፤ እስከ 2.8 ያለው ጊምፕ ኦቨርሌይን በስሕተት እንደ ሶፍት ላይት ያሰላው ነበር። በ2.10 ተስተካክሏል። የቆየ መመሪያ ተከትላችሁ ውጤቱ ከምሳሌው በጣም ከጠነከረባችሁ ሶፍት ላይትን ሞክሩ። ከሞዱ ዝርዝር አጠገብ ያለችው ትንሽ ቁልፍም ወደ ቀድሞዎቹ ሞዶች ትመልሳለች። ሳታውቁት ተጭናችኋት ከሆነ ቁጥሮቹ ሁሉ አይገጥሙላችሁም።

ሸራውና ፎቶው

የመጨረሻው መጠን 100 ፒክስል ቢሆንም ሥራውን በ400 በ400 ጀምሩ። 400 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ክፈፉና ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲያንሱ ንጹሕ ሆነው ይወርዳሉ፤ በ350 የተጀመረ ሥራ ግን ጠርዞቹ ግማሽ ፒክስል ላይ ወድቀው ይደበዝዛሉ። የቀለም ሁነታው አርጂቢ (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ)፣ የቀለም ፕሮፋይሉ ለስክሪን የተለመደው ኤስአርጂቢ ይሁን። የኢንች ሪዞሉሽኑ 72 ይሁን 300 ለስክሪን ምንም ለውጥ የለውም፤ እሱ የኅትመት ጉዳይ ነው። የቀለሙን ጥልቀት ግን ከ8 ቢት ወደ 16 ቢት ከፍ አድርጉት። በ8 ቢት ላይ አራት አምስት ሞድ ሲደራረብ ለስላሳ ሰማይና የደበዘዘ ጀርባ እንደ ደረጃ ይቆራረጣል።

የምትጠቀሙበት ፎቶ የራሳችሁ ወይም ፈቃዱ መለወጥን የሚፈቅድ ይሁን። ከፎቶው ላይ የምትቆርጡት ካሬ በራሱ ቢያንስ 400 ፒክስል ሊኖረው ይገባል፤ 180 ፒክስል የነበረውን ፊት ጎትቶ ማስፋት የደበዘዘ ነገር ብቻ ነው የሚሰጠው። ሲቆረጥ አትፍሩ፣ ጠበቅ አድርጉት። ሙሉ ቁመቱ የሚታይ ሰው በ100 ፒክስል ላይ ፊቱ ከ12 ፒክስል አይበልጥም፤ ማን እንደሆነ አይለይም። ፊቱ የካሬውን ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፣ በአንድ ወገን ደግሞ ለጽሑፍና ለብርሃን ባዶ ቦታ ይቅር።

አይከኑ ክብ ሆኖ በሚታይበት ቦታ የሚውል ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። በካሬ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ክብ የካሬውን ስፋት 78.5 በመቶ ብቻ ይሸፍናል፤ አራቱም ማዕዘኖች ይሄዳሉ። በ400 ፒክስል ሸራ ላይ ክቡ የማይቆርጠው ካሬ መሃል ላይ ያለው 283 በ283 ነው። ጽሑፍም ሆነ ዓይን ከዚያ አይውጣ። የማዕዘን ጌጥ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅር።

ቆራርጣችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ያንኑ ፋይል በሁለተኛ መስኮት ክፈቱት፤ በጊምፕ ከቪው ሜኑ ኒው ቪው፣ በፎቶሾፕ ከዊንዶው ሜኑ አሬንጅ ውስጥ ኒው ዊንዶው። ሁለተኛውን መስኮት በ25 በመቶ አስቀምጡት፤ የ400ው ሥራ በ100 መጠን ምን እንደሚመስል በየሰከንዱ ያሳያችኋል። ይህን መስኮት ሳይከፍቱ የሚሠሩ ሰዎች ግማሹን ሰዓት በመጨረሻ ላይ ለማይታይ ዝርዝር ያጠፉታል።

መሠረቱን ማበጀት

1. የፎቶውን ሌየር ኮፒ አድርጉ። በፎቶሾፕ ኮንትሮልና ጄ፣ በጊምፕ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ዲ። ዋናው ከሥር ሳይነካ ይቀመጥ።

2. ፎቶው ከጨለመ ኮፒውን ስክሪን አድርጋችሁ ኦፓሲቲውን 50 በመቶ ላይ አቁሙ። የቀለም መምጠጫውን ግንባርና ጉንጭ ላይ እያኖራችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ ከሦስቱ ቀለሞች የበለጠው 240 ሲደርስ ይበቃል። ከ250 ካለፈ ቆዳው ላይ ያለው ዝርዝር ጠፍቷል፤ በኋላ የሚመጣው ኦቨርሌይም እዚያ ላይ አይሠራም። ፎቶው ፈዞ ከሆነ በተቃራኒው ኮፒውን በመልቲፕላይ 30 በመቶ አኑሩ።

3. አንድ ኮፒ ጨምሩና ቀለሙን አጥፍታችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ከዚያ ጋውሺያን ብለር (ምስሉን የሚያደበዝዝ ፊልተር) በ8 ፒክስል፣ ሞዱ ሶፍት ላይት፣ ኦፓሲቲው 40 በመቶ። ፊቱ ከውስጥ የሚበራ ይመስላል፣ ጥላውም ይረግጣል። ቀለሙን ማጥፋት የግድ የሆነው ባለቀለም ኮፒ በሶፍት ላይት ሲያርፍ የቀለሙን ድምቀት አብሮ ስለሚያንረው ነው፤ ቆዳ ወዲያው ብርቱካናማ ይሆናል።

4. ከዓይን ሥርና ከአንገት በታች ከመጠን በላይ ከጨለመ በዚያው ሌየር ላይ ማስክ ጨምሩ። ነጭ ማስክ ሁሉን ያሳያል፣ በላዩ የተቀባ ጥቁር ይሰውራል። ጠርዙ ለስላሳ በሆነ ብራሽ፣ ኦፓሲቲው 30 በመቶ ሆኖ፣ በጥቁር ደጋግማችሁ አሻሹት። አንዴ በ100 በመቶ መቀባት የብራሹን ክብ ቅርጽ ትቶ ይሄዳል።

ማስክ ላይ እየቀባችሁ ፎቶው ራሱ ከጠቆረ የተመረጠው ማስኩ አይደለም ማለት ነው። በሌየር ፓነሉ ላይ ከሁለቱ ትንንሽ ምስሎች በቀኝ ያለውን ጠቅ አድርጋችሁ ድገሙት።

ቀለም

ጌጠኛ አይከንን ከተራ የተቆረጠ ፎቶ የሚለየው ከሁሉ በላይ ቀለሙ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከኤክስክሉዥን የሚሻል ርካሽ ዘዴ አይገኝም። አዲስ ሌየር ከላይ ጨምሩና ቀይ 0፣ አረንጓዴ 17፣ ሰማያዊ 51 በሆነ በጣም ጥቁር ሰማያዊ ሙሉውን ሙሉት። ሞዱን ኤክስክሉዥን አድርጉ። የፎቶው ጥቁር ቦታ ወደ 0፣ 17፣ 51 ይነሣል፤ ጥላው ሰማያዊ ሆነ። ነጩ ደግሞ ወደ 255፣ 238፣ 204 ይወርዳል፤ ብርሃኑ የክሬም ቀለም ያዘ። መሃለኛው ግራጫ ሳይለወጥ 128 ላይ ይቀራል። በአንድ ሌየር ጥላው ቀዘቀዘ፣ ብርሃኑ ሞቀ፣ መሃሉ አልተነካም። በጊዜ የደበዘዘ የወረቀት ፎቶ መልክ የሚባለው ይኸው ነው።

ቁጥሮቹን በመለዋወጥ ሌላ ስሜት ታወጣላችሁ። ሰማያዊውን በ51 ትታችሁ ቀዩን ወደ 30 ብታነሡት ጥላው ወይን ጠጅ፣ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቢጫ ይሆናል። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ 70 ካለፈ ግን ፎቶው ጉም ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ንፅፅሩ አልቋልና። በ51 ላይ እንኳ ትንሽ መፍዘዝ አይቀርም፤ ከላዩ ከርቭስ (ብርሃንና ጥላን በመስመር የሚያስተካክል መሣሪያ) ጨምሩና መስመሩን በቀስታ ወደ ኤስ ቅርጽ ጎትቱት፣ ታችኛውን ሩብ ትንሽ ዝቅ፣ ላይኛውን ሩብ ትንሽ ከፍ። ሁለቱን ጫፎች አትንኩ፤ ጫፎቹን ከሳባችሁ አሁን ያገኛችሁት ሰማያዊ ጥላ ተመልሶ ጥቁር ይሆናል።

ቆዳው ከቢጫነት አልፎ የታመመ ከመሰለ መፍትሔው የኤክስክሉዥኑን ኦፓሲቲ መቀነስ አይደለም፤ ጀርባውም አብሮ ይፈዛል። ሌየሩ ላይ ማስክ ጨምራችሁ ፊቱን ብቻ በ40 በመቶ ጥቁር አሻሹት።

ቀለሙ ይበልጥ አንድ ወጥ እንዲሆን ለሚፈልግ ከዚህ ላይ አንድ ቀለም የተሞላ ሌየር በከለር ሞድ፣ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይበቃል። በጊምፕ ዝርዝር ውስጥ ኤልሲኤች ከለር የሚለውን ምረጡ። ከ40 በመቶ በላይ ሲሄድ ፎቶው ባለ አንድ ቀለም ይሆናል፤ ያንን ከፈለጋችሁ መልካም፣ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ሳታስቡት ደርሳችሁበት ታገኙታላችሁ።

ብርሃን

የብርሃን ቴክስቸር ከሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አዲስ ሌየር በጥቁር ሙሉ። መጠኑ 250 ፒክስል፣ ጠርዙ ፍጹም ለስላሳ የሆነ ብራሽ ይዛችሁ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 80፣ ሰማያዊ 30 በሆነ ቀለም ከማዕዘኖቹ በአንዱ ላይ አንዴ ጠቅ አድርጉ፤ የክቡ ግማሽ ከሸራው ውጭ ይሁን። በተቃራኒው ማዕዘን ላይ ደግሞ ደብዛዛ ሰማያዊ። ጋውሺያን ብለር በ40 ፒክስል፣ ሞዱ ስክሪን፣ ኦፓሲቲ 60። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ብርሃኑ ብቻ ከጎን ሾልኮ እንደገባ ይቀራል። ብርሃኑ ፎቶው ላይ ካለው የብርሃን አቅጣጫ ጋር ይስማማ፤ ፊቱ ከግራ በርቶ ብርቱካናማው ከቀኝ ከመጣ ዓይን ምክንያቱን ባያውቀውም አይቀበለውም።

ከሌላ ያገኛችሁት የብርሃን ፎቶ በስክሪን ሲያርፍ ሙሉው አይከን ከነጣ ጥፋቱ በጀርባው ነው። ጥቁር የሚመስለው ጀርባ በእርግጥ 20 ወይም 30 ነው። ሌቭልስ ክፈቱና የጥቁሩን ስላይደር እስከዚያ ቁጥር ድረስ ወደ ቀኝ ግፉት፤ ጀርባው 0 ሲሆን ንጣቱ ይጠፋል። በመልቲፕላይ የሚቀመጥ ወረቀትም እንዲሁ፤ ነጩ 225 ከሆነ አይከኑን ሁሉ ያጨልማል፣ የነጩን ስላይደር ወደ ግራ አምጡት።

ሸካራነት

የወረቀት፣ የግድግዳና የጨርቅ ሸካራነት በኦቨርሌይ ወይም በሶፍት ላይት ነው የሚሄደው። እዚህ የሚያስፈልገው የቴክስቸሩ አማካይ ብርሃን 128 አካባቢ መሆኑ ነው። የሂስቶግራም መስኮቱ አማካዩን ያሳያል። 190 ካለ ቴክስቸሩ ሸካራነት ብቻ አያመጣም፣ አይከኑን ሁሉ ያበራል። በእጅ ከማስተካከል ይልቅ ሃይ ፓስ የሚባለውን ፊልተር ከ20 እስከ 40 ፒክስል ባለ ራዲየስ አሳልፉት፤ ትልልቁን የብርሃን ልዩነት አጥፍቶ ጭረቱንና ስንጥቁን በመሃለኛ ግራጫ ላይ ይተወዋል። በፎቶሾፕ ከአዘር፣ በጊምፕ ከኤንሃንስ ሥር ይገኛል። ቴክስቸሩ ላይ ቀለም ከቀረ ማጥፋት አትርሱ።

ሦስት ሺህ ፒክስል ያለው ቴክስቸር ወደ 400 ቢጠብ ሸካራነቱ ተፈጭቶ ያልቃል። አታጥብቡት፤ ደስ ያላችሁን ቁራሽ ብቻ በ400 ወይም በ800 ቁረጡና ያንን ተጠቀሙ። ፊቱን ደግሞ በማስክ ነፃ አውጡት። ጉንጭ ላይ ያረፈ ስንጥቅ በ100 ፒክስል ጠባሳ ይመስላል።

በጂአይኤፍ የመጣ ቴክስቸር ላይ ፊልተሮቹ ሁሉ ከደበዘዙና አልጫን ካሉ ፋይሉ ኢንዴክስድ በሚባለው የቀለም ሁነታ ላይ ነው። ከኢሜጅ ሜኑ ሞድ ውስጥ ወደ አርጂቢ ቀይሩት።

የፊልም ነጠብጣብ ወይም ኖይዝ በተመለከተ የሚሳሳተው ሰው ብዛት ያስገርማል። በ400 ላይ የተጨመረ ኖይዝ ወደ 100 ሲያንስ 16 ፒክስሎች ወደ አንድ ይጨመቃሉ፤ ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። 8 በመቶ የነበረው 2 በመቶ ሆነ፣ አይታይም። ኖይዝ መጨመር ያለበት አይከኑ ካነሰ በኋላ፣ በመጨረሻው መጠን ላይ ነው፦ በ128 ግራጫ የተሞላ ሌየር፣ ባለ አንድ ቀለም ኖይዝ ከ5 እስከ 8 በመቶ፣ ሞዱ ሶፍት ላይት። ግራጫው ስለሚጠፋ ነጠብጣቡ ብቻ ይቀራል፣ አጠቃላይ ብርሃኑም አይናወጥም።

የብርሃንና የሸካራነት ሌየሮችን ከኤክስክሉዥኑና ከከለሩ ሌየር በታች አስቀምጧቸው። ከላይ ካስቀመጣችኋቸው የየራሳቸውን ቀለም ይዘው ይቀራሉ፤ ከታች ሲሆኑ ግን ሁሉም በአንድ ቀለም ተነክሮ ፎቶውና ጌጡ አብረው የተወለዱ ይመስላሉ።

ሁለት ፎቶ በአንድ ላይ

ጀርባው ነጭ፣ ሰውየው ግን ጥቁር ጥላ ሆኖ የሚታይበትን የጎን ፎቶ ውሰዱ፤ ሌቭልስ ተጠቅማችሁ ጀርባውን ወደ 255፣ ሰውየውን ወደ 20 አካባቢ ግፉ። በላዩ የደን ወይም የደመና ፎቶ በስክሪን አኑሩ። ነጭ ላይ ስክሪን ምንም ስለማይጨምር ጀርባው ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ጥቁሩ ሰው ግን በደኑ ይሞላል። አንድም ጠርዝ አልተቆረጠም፣ ፀጉሩም እስከ ጫፉ ንጹሕ ነው። ዓይኑና አፉ እንዲለይ ከፈለጋችሁ የደኑን ሌየር በማስክ እዚያ ላይ በ50 በመቶ አሳሱት።

በቀለም የተለያዩ ሁለት መደበኛ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ለማገናኘት ሞድ አያስፈልግም፤ ማስኩ ላይ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄድ ግራዲየንት 120 ፒክስል በሚያህል ርቀት ላይ ዘርጉና ተዉት። ከ40 ፒክስል ባጠረ ርቀት ላይ መገጣጠሚያው ይታያል።

ሌየሩ ሲበዛ ወደ ግሩፕ ማስገባት ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ድንገት ሁሉም ነገር መልኩን ይለውጥ ይሆናል። ፎቶሾፕ ግሩፕን ፓስ ትሩ በሚባል ሞድ ይከፍተዋል፤ ውስጡ ያለው ኦቨርሌይ ከግሩፑ ውጭ ያለውንም ይነካል። ግሩፑን ኖርማል ካደረጋችሁት ግን የውስጥ ሞዶች እዚያው ታጥረው ይቀራሉ። ጊምፕ 2.10 ግሩፕን የሚከፍተው በኖርማል ስለሆነ እዚያ በእጅ ወደ ፓስ ትሩ መቀየር ያስፈልጋል።

ክፈፍና ጽሑፍ

በመጨረሻው መጠን አንድ ፒክስል የሆነ ክፈፍ በ400 ላይ 4 ፒክስል ነው። ከጠርዙ ገባ ብሎ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ርቀቱም የ4 ብዜት ይሁን፤ 8፣ 12፣ 16። 10 ላይ ያረፈ መስመር ሲያንስ ሁለት ደብዛዛ ግራጫ መስመር ይሆናል። ክፈፉ በነጭ ቀለም፣ በሶፍት ላይት ወይም በኦቨርሌይ ሲሆን ፎቶውን አይቆርጠውም፣ በሥሩ ያለው ይታያል። ነጭ ጀርባ ላይ ግን እንደማይታይ አስታውሱ፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ጽሑፉ ቢቻል ከሁለት ቃል አይለፍ። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ቦታ ይጠይቃል፤ «ሙ» እና «ሚ» የሚለዩት ቅጥያቸው ከጎን መሃል ላይ ወይም ከእግር ሥር በመሆኑ ብቻ ነው፣ ያ ቅጥያ አንድ ፒክስል ሲሆን ደግሞ ይዋጣል። በ100 ፒክስል አይከን ላይ ከ14 ፒክስል በታች አትውረዱ፤ በ400 ላይ 56 ማለት ነው። ቀጭንና ወፍራም መስመር የሚቀያየርበት ፎንት ሲያንስ ቀጭኑ ወገኑ ይጠፋል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ፣ በብዙ ውፍረት የሚገኝ ፎንት ወስዳችሁ ሚዲየሙን ወይም ቦልዱን ተጠቀሙ።

ጽሑፉ ከፎቶው ጋር እንዲዋሃድ በሚል ኦቨርሌይ ላይ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ውጤቱ ግን በከፊል የሚነበብ ቃል ነው። ጽሑፉ በኖርማል ይቀመጥ። ኮፒውን ከሥሩ አድርጉና በ6 ፒክስል ብለር አድርጋችሁ መልቲፕላይ በሆነ ጥቁር ቀለም 50 በመቶ ስጡት፤ ቃሉ ከጀርባው ይለያል፣ ጥላውም ጎልቶ አይታይም። ጽሑፉ ከቀለም ሌየሮቹ በላይ መሆን አለበት።

ማሳነስና ማስቀመጥ

ሌየሮቹን ሁሉ የያዘውን ፋይል በፒኤስዲ ወይም በኤክስሲኤፍ አስቀምጡ፤ ከዚያ በኮፒው ላይ ሁሉንም አንድ አድርጋችሁ ወደ 100 አሳንሱ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ሌየሮቹ ሳይዋሃዱ ቢያንሱ እያንዳንዱ ማስክና ጠርዝ ለየብቻው ስለሚሰላ በመገጣጠሚያው ላይ ጭረት ሊወጣ ይችላል። በፎቶሾፕ ባይኩቢክ ሻርፐር፣ በጊምፕ ኪዩቢክ ወይም ኖሃሎ ምረጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ኮፒ አውጥታችሁ ጠርዞችን በሚስለው አንሻርፕ ማስክ በሚባል ፊልተር በራዲየስ 0.5 አሳልፉት። መጠኑ በፎቶሾፕ 60 በመቶ፣ በጊምፕ ቁጥሩ 0.6 ነው። ባይኩቢክ ሻርፐር ራሱ ጠርዞቹን ስለሚስል በፎቶሾፕ 30 ሊበቃ ይችላል። ይህን ኮፒ በሉሚኖሲቲ ሞድ አስቀምጡት፤ በጊምፕ ሉሚናንስ ይባላል። መሳሉ በብርሃኑ ላይ ብቻ ይሠራል፣ በቀይና በሰማያዊ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ጥላ አይተውም። በፀጉርና በትከሻ ዙሪያ ነጭ መስመር ካያችሁ በዝቷል፤ ኦፓሲቲውን ቀንሱ። ኖይዙ የሚጨመረውም አሁን ነው።

የሚወጣው ፋይል ፒኤንጂ ይሁን። 100 በ100 አይከን ሳይጨመቅ እንኳ 30,000 ባይት ነው፤ ጄፔግ የሚያተርፈው ነገር የለም። ጄፔግ ግድ ከሆነ ጥራቱን ከ90 በላይ አድርጉና የቀለም ሰብሳምፕሊንጉን 4፡4፡4 ላይ አኑሩት፤ በሌላው ምርጫ ጄፔግ የቀለሙን ዝርዝር በግማሽ ስለሚቀንሰው በጨለማ ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ይቀልጣል። ሲወጣ ቢት ጥልቀቱ 8፣ ፕሮፋይሉ ኤስአርጂቢ መሆኑን አረጋግጡ። ፕሮግራሙ ውስጥ ደማቅ የነበረው ቀለም ከተሰቀለ በኋላ ከፈዘዘ ፋይሉ በአዶቤ አርጂቢ ወይም በሌላ ሰፊ ፕሮፋይል ወጥቷል ማለት ነው። ወደ ኤስአርጂቢ ስትቀይሩ ኮንቨርት የሚለውን እንጂ አሳይን (Assign) የሚለውን አትጫኑ፤ ሁለተኛው ቁጥሮቹን ሳያሰላ ስማቸውን ብቻ ይቀይራል።

የተጠናቀቀውን አይከን አንዴ በነጭ፣ አንዴ በጥቁር ጀርባ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ነጭ ክፈፍ በነጭ ገጽ ላይ ይጠፋል፣ አይከኑም ያነሰ ይመስላል። ክፈፉን ወደ 215 ግራጫ ማውረድ ለሁለቱም ይበቃል።